ሙሉ ቀን ብቻችሁን በብስክሌት፣ ዳገት ቁልቁለት በበዛበት መንገድ፦ ከዋዜማው እስከ መመለሻ

ብስክሌት ብቻዬን መንዳት እወዳለሁ። የሚጠብቀኝ የለም፣ የምጠብቀውም የለም። ዳገት ላይ የራሴን ትንፋሽና የካቴናውን ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። ብቻ መሆን ግን ዕዳም አለበት። ሲደክማችሁ «ተው፣ የዛሬው ይበቃል» የሚላችሁ ሰው አጠገባችሁ የለም። የደከመና የራበው ጭንቅላት ደግሞ ውሳኔ ላይ አይታመንም። «አንድ ዳገት ልጨምር» ይላል። «ውሃው ያደርሰኛል» ይላል። ስለዚህ ከባድ ከባዱን ውሳኔ ሁሉ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በልቼና ጠጥቼ እጨርሰዋለሁ። መንገድ ላይ የሚቀረኝ የወሰንኩትን መፈጸም ብቻ ነው። ይህ መመሪያም የተጻፈው በዚያ ቅደም ተከተል ነው።

የጻፍኩት ሜዳ ላይ 40 እና 50 ኪሎ ሜትር ሳይቸገሩ መሄድ ለሚችሉ ነው። እዚያ ካልደረሳችሁ አትቸኩሉ። በሳምንት አንድ ረዘም ያለ ጉዞ እያደረጋችሁ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ጨምሩበት።

1. ከርቀቱ በፊት ከፍታውን ቁጠሩ

የሜዳ 80 ኪሎ ሜትርና የኮረብታ 80 ኪሎ ሜትር በቁጥር አንድ ይሁኑ እንጂ በድካም አይገናኙም። ካርታ ላይ መንገድ ስታወጡ መጀመሪያ የምታዩት በጠቅላላው ስንት ሜትር ወደ ላይ እንደምትወጡ ይሁን። ብዙ የብስክሌት ካርታ መተግበሪያዎች ይህን ደምረው ያሳያሉ። በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,000 ሜትር መውጣት ካለ፣ መንገዱ በደንብ ኮረብታማ ነው።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ዳገት ተዳፋት እዩ። 6 በመቶ ማለት 100 ሜትር ወደፊት ስትሄዱ 6 ሜትር ወደ ላይ ትወጣላችሁ ማለት ነው። እስከ 4 በመቶ ድረስ ቁጭ ብላችሁ በእርጋታ ትወጡታላችሁ። ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን ብዙ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። አማካይ ቁጥር ላይ ግን አትተማመኑ። 5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ አማካዩ 5 በመቶ የሆነ ዳገት አለ እንበል። የመጀመሪያው 3 ኪሎ ሜትር 2 በመቶ፣ የመጨረሻው 2 ኪሎ ሜትር 9.5 በመቶ ቢሆንም አማካዩ ያው 5 ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው እግራችሁ ነው።

አሁን ሰዓቱን አስሉ። 80 ኪሎ ሜትር ርቀትና 1,200 ሜትር ከፍታ ያለው መንገድ ልውሰድ። 1,200 ሜትሩን በ6 በመቶ ተዳፋት ለመውጣት 20 ኪሎ ሜትር ይፈጃል። ዳገት ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ይህ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የቀረው 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት 20 ሲሄዱ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ለማረፊያ፣ ለውሃና ለጎማ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሩ። ሰባት ሰዓት ሙሉ ሆነ። ብዙ ሰው ግን 80ን ለ20 አካፍሎ «አራት ሰዓት» ብሎ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ የሚመሽበትም ለዚህ ነው።

የመንገዱን ቅርፅም አስቡበት። ትልቁ ዳገት በመጀመሪያው አጋማሽ ቢሆን ይመረጣል፤ ግን ከቤት እንደወጣችሁ ወዲያው ባይሆን ጥሩ ነው። ንፋስ ካለ ስትሄዱ ፊት ለፊት ተቀብላችሁት ስትመለሱ ከኋላ ይግፋችሁ። መንገዱ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ወደ ቤት የሚያሳጥር መገንጠያ ፈልጉና ምልክት አድርጉበት።

በመጨረሻ የመመለሻ ሰዓት ወስኑ። የትም ብደርስ በዚህ ሰዓት እዞራለሁ የሚል ሰዓት። ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ቤት እንድትገቡ አድርጋችሁ ቁረጡት። እኔ ይህን ሁሉ በጠባብ ወረቀት ላይ እጽፍና በፕላስተር መሪው አጠገብ ብረቱ ላይ እለጥፈዋለሁ። እያንዳንዱ ዳገት በስንተኛው ኪሎ ሜትር እንደሚጀምር፣ ርዝመቱ፣ ሊፈጅ የሚችለው ደቂቃ፣ ውሃ የሚገኝበት ቦታ፣ ከታች በቀይ የመመለሻ ሰዓቱ። ስልክ ቻርጅ ይጨርሳል፤ ወረቀቱ ግን ሁልጊዜ ዓይኔ ሥር ነው።

2. ብስክሌቱን ከሁለት ቀን በፊት ፈትሹ

በጉዞው ጠዋት አይደለም። ጠዋት ላይ የተገኘ ብልሽት ወይ ጉዞውን ያስቀራል፣ ወይ «ምንም አይል» ተብሎ አብሮ ይጓዛል። ሁለተኛው ይብሳል።

ከፍሬን ጀምሩ። የፍሬኑ እጀታ እስከ መጨረሻ ተጨምቆ መሪውን መንካት የለበትም። ቸርኬውን የሚይዘው የፍሬን ሸራ አልቆ ከሆነ ቀይሩት። ጎማውን በእጃችሁ እያዞራችሁ የተሰነጠቀ ወይም የተሰካ ነገር ፈልጉ። ንፋሱን ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ገደብ ሳታሳልፉ ሙሉ። እስከ ጥግ የተነፋ ጎማ ኮረኮንች ላይ ይነጥራል፣ ቶሎም ያደክማል፤ ትንሽ ለስለስ ያለው ይሻላል።

ካቴናውን በጨርቅ ጥረጉና በየመጋጠሚያው ጠብታ ዘይት አድርጉ። ከዚያ ላዩ ላይ የቀረውን መልሳችሁ ጥረጉ፤ ውጭው ላይ የቀረ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ማርሹን ሁሉ አንድ በአንድ ሞክሩ። በተለይ በጣም ቀላሉን ማርሽ፣ ማለትም ከኋላ ትልቁን ጥርስ። ካቴናው ያንን አልፎ ወደ ቸርኬው ሽቦዎች ከወደቀ ጎማው ሊቆለፍ ይችላል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ዳገት ላይ፣ እግር ሙሉ ጉልበቱን በሚሰጥበት ሰዓት ነው።

ቀላል ማርሽ ያስፈልጋችኋል። ከፊት 34 ጥርስ፣ ከኋላም 34 ከሆነ፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ወደ 2.1 ሜትር ገደማ ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። ቀርፋፋ ይመስላል፤ ጉልበት የሚተርፈው ግን በዚህ ነው። ቀላል ማርሽ የደካማ ሰው ነው የሚሉ አሉ። በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ድረስ የዛሬው ዓይነት ማርሽ መቀየሪያ ክልክል ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ዳገት ሥር ወርደው የኋላ ጎማቸውን ይፈቱና ገልብጠው ይገጥሙት ነበር፤ በሌላው በኩል ሌላ ጥርስ ስለነበረው። እነዚያ ብርቱ ሰዎች እንኳን ቀለል ያለ ማርሽ ለማግኘት ከብስክሌት ይወርዱ ነበር።

የመቀመጫውን ከፍታም ተመልከቱ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ወደ ታች ስታወርዱት እግራችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ጉልበታችሁን ከፊት በኩል የሚያማችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ከኋላ በኩል ከሆነ ከፍ ብሏል።

3. የምትይዙት

ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ (ካላማዳሪ)፣ መንፊያ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ ልጥፍና ማስቲሽ፣ ካቴና መበጠስ የሚችል ተጣጣፊ የቁልፍ ስብስብ፣ አንድ የካቴና ማያያዣ። ፋሻና ቁስል ማጠቢያ። ንፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት፣ ቀኑ ሞቃት ቢሆንም። የፊትና የኋላ መብራት። ጥሬ ገንዘብ። ስማችሁና የሚደወልለት ሰው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት። ሄልሜት እንዳትረሱ ብዬ አልመክርም፤ ያለሱ አትውጡ። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ ጫኑት።

ጀርባ ላይ ከባድ ቦርሳ አትሸከሙ። ወገብና ትከሻ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያማርራሉ። ዕቃው ከመቀመጫው ሥርና ከብረቱ ላይ ይታሰር።

ለአንድ ሰው ደግሞ ንገሩ። የመንገዱን ካርታ ላኩለት፤ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩት። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ እስከ ስንት ሰዓት ካልደወላችሁ እንደሚፈልጋችሁ ተስማሙ። «አስቤያችሁ ነበር ግን ልረብሽ አልፈለግኩም» የሚባል ነገር እንዳይመጣ ሰዓቱ ቁርጥ ያለ ይሁን።

4. ሳይርባችሁ ብሉ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ

አንድ ጊዜ 60ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጉልበቴ ክድት አለኝ። ከዚያ በፊት ደህና ነበርኩ፤ ደህና ስለነበርኩም ለሁለት ሰዓት ተኩል ምንም አልበላሁም። መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነበር። እዚህ ግባ የማይባል አቀበት አናደደኝ። ቀጥሎ እጄ ተንቀጠቀጠ። ወርጄ መንገድ ዳር ተቀመጥኩና የያዝኩትን ሙዝ ልጣጩን መላጥ አቃተኝ። ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። ያን ቀን ከረሃቡ በፊት ንዴቱ እንደሚመጣ ተማርኩ። አሁን ያለምክንያት መነጫነጭ ስጀምር ወዲያው እበላለሁ።

ነገሩ ስሌት ነው። እናንተና ብስክሌቱ ከነዕቃው 85 ኪሎ ከሆናችሁ፣ 500 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ ወደ 400 ኪሎ ካሎሪ ትፈጃላችሁ። ሰውነት ከሚያቃጥለው ወደ ፔዳል የሚደርሰው ሩብ ገደማ ስለሆነ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያለው የስኳር ክምችት ጠንከር ባለ ሥራ ላይ ለሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚበቃው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ውሰዱ። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም አለው፤ አንድ ቁራጭ ዳቦ ወደ 15። ሁለቱ አንድ ላይ ለአንድ ሰዓት ይበቃሉ። ስልካችሁ ላይ በየ30 ደቂቃው የሚጮህ ማንቂያ ሙሉ። ሲጮህ ብሉ፤ ፍላጎታችሁን አትጠይቁት። ከዚህ በፊት ሞክራችሁት የማታውቁትን ምግብ ለዚያን ቀን አትጀምሩ።

ውሃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር፣ ሙቀት ካለ ከዚያ በላይ። በጉንጭ በጉንጭ፣ ቶሎ ቶሎ። ስድስትና ሰባት ሰዓት ሙሉ ንጹህ ውሃ ብቻ በብዛት መጠጣትም ጥሩ አይደለም፤ በላብ የወጣው ጨው ካልተተካ የደም ጨው ይቀንሳል። ጨዋማ ነገር አብራችሁ ብሉ ወይም አንዱ ኮዳ ውስጥ ቁንጥር ጨው ጨምሩ።

5. ዳገቱ

ማለዳ ውጡ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በጣም ቀስ በሉ፤ ጡንቻ ይሙቅ።

ከዚያ የመጀመሪያው ዳገት ይመጣል። ቀኑ የሚበላሸው እዚህ ነው። እግር ትኩስ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሁሉ ነገር ቀላል ይመስላል። እዚህ ያባከናችሁት ጉልበት ከሰዓት በኋላ በእጥፍ ይጠየቃል።

የእኔ መለኪያ ድምፄ ነው። ዳገቱ መሀል ላይ ጮክ ብዬ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፦ «ገና ሦስት ዳገት ይቀረኛል፣ ስለዚህ ቀስ እላለሁ።» ሳልቆራርጥ ከጨረስኩት ልክ ነኝ። መሀሉ ላይ ትንፋሽ ከሳብኩ አንድ ማርሽ አቀላለሁ። ይህ የሚሠራው ብቻ ስትሆኑ ነው፤ የሚሰማ ሰው ቢኖር ብዙዎቻችን እናፍራለን።

ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር አቅልሉት። እግር ከከበደ በኋላ መቀየር ካቴናውን ያንቋቋዋል፣ አንዳንዴም ያስወልቀዋል። በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ጊዜ ፔዳል የምታዞሩበትን ማርሽ ፈልጉ። እጅና ትከሻችሁ ላላ ይበል። መሪውን አንቃችሁ ከያዛችሁ በእግር የሚሠራውን ጉልበት በእጅ እያፈሰሳችሁት ነው።

በየአምስት ደቂቃው ለአሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ቆማችሁ ርገጡ። ይህ ጡንቻ ይቀይራል፣ መቀመጫም ያሳርፋል። ከመቆማችሁ በፊት ማርሹን አንድ ደረጃ አክብዱት፤ ያለዚያ እግር ባዶ ይረግጣል። ዙሪያ ጥምጥም ባለው ኩርባ ላይ የውስጠኛው ጥግ በጣም ቀጥ ያለ ነው፣ የውጨኛው ለስለስ ይላል። ከፊትም ከኋላም መኪና አለመኖሩን ካያችሁና ከመስመራችሁ ካላስወጣችሁ በውጨኛው በኩል ውጡ።

ዳገቱ ካሸነፋችሁ ውረዱና እየገፋችሁ ሂዱ። ለአምስት ደቂቃ መግፋት ከሙሉ ጉዞው ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም። የልብ ምት ይረጋጋል፣ ወገብ ይፍታታል።

አናቱ ላይ ስትደርሱ ሁለት ነገር አድርጉ፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት። ጉረሱ፣ ጃኬት ልበሱ። ላብ የጠጣ ልብስ ለብሶ በፍጥነት መውረድ እስከ አጥንት ያበርዳል። የቀዘቀዘ ጣት ደግሞ ፍሬን በደንብ አይዝም። በቱር ደ ፍራንስ ብስክሌተኞች ተራራ አናት ላይ ጋዜጣ ተቀብለው ከልብሳቸው ሥር ደረታቸው ላይ ያደርጉ ነበር። ጃኬት ከረሳችሁ ይህ ዛሬም ይሠራል።

6. ቁልቁለቱ

ቁልቁለት የዳገት ሽልማት ይመስላል። ብቻ ለሚጓዝ ሰው ግን የቀኑ አደገኛ ክፍል እሱ ነው፤ ወድቃችሁ ኩርባ ሥር ብትቀሩ ወዲያው የሚያያችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት ከ30 ወደ 60 ስትወጡ ማለት ነው። በዝናብ ይህ ይብሳል። ቸርኬውን በሚይዝ ፍሬን፣ ውሃው እስኪጠረግ ድረስ መጀመሪያ ምንም የያዘ አይመስልም። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ያዙ። የማታውቁት ቁልቁለት ላይ የምታዩትን ርቀት ያህል ብቻ ፍጠኑ። ከኩርባው ጀርባ ጠጠር፣ የፈሰሰ ዘይት ወይም መንገድ መሀል የቆመ ከብት ሊኖር ይችላል።

ፍሬን ኩርባው ውስጥ አይያዝም፤ ከኩርባው በፊት ነው። ቀጥ ባለው ላይ ሁለቱንም ያዙ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ከዚያ ልቀቁና ግቡ። ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፤ ክብደት ወደፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ ይቀልና ይንሸራተታል። ስለዚህ አጥብቃችሁ ስትይዙ ወገባችሁን ወደ ኋላ ግፉ። ኩርባው ውስጥ የውጭ በኩል ፔዳል ወደ ታች ይሁን፣ ክብደታችሁን እሱ ላይ አሳርፉ። ዓይን መውጫው ላይ ይሁን። ጉድጓድ ላይ ካፈጠጣችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባላችሁ።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳትለቁ ይዛችሁ አትውረዱ። ቸርኬው በጣም ከጋለ የውስጥ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ለቆ፣ እንደገና መያዝ ይሻላል። እጃችሁ ከደነዘዘ አቁሙ። እስክትሞቁ ድረስ ዙሪያውን ተመልከቱ፤ ለዚያም ነው የወጣችሁት።

7. ጎማ ሲተነፍስ

መጀመሪያ ከመንገዱ ወጥታችሁ ቁሙ። የኋላው ከሆነ ካቴናውን ትንሹ ጥርስ ላይ አድርጉና ጎማውን አውጡ። የቀረውን ንፋስ አስወጡ። የጎማ ማውጫውን ከቫልቩ ተቃራኒ በኩል አስገቡ፣ ሁለተኛውን ከጎኑ፣ ከዚያ የውጨኛውን ጎማ አንዱን ጠርዝ ዙሪያውን አውጡ። የውስጥ ጎማውን ሳቡት።

አሁን የሚመጣው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። እኔም አንድ ቀን ዘለልኩት። አዲስ የውስጥ ጎማ አስገብቼ፣ ነፍቼ ተነሳሁ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ተነፈሰ። እሾሁ ውጨኛው ጎማ ውስጥ እንደተሰካ ነበር። ሁለቱን ትርፍ ጎማዬን በአንድ እሾህ ጨረስኩ። ስለዚህ አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የውጨኛውን ጎማ ውስጡን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሪያውን ዳብሱ። ቸኩላችሁ አይሁን፤ እሾህ ወይ ስባሪ ጠርሙስ ጣት ይቆርጣል። ያገኛችሁትን ንቀሉ። የተቦነጨቀ ትልቅ ቀዳዳ ካለ ከውስጥ በኩል ጠንካራ የብስኩት መጠቅለያ አጥፋችሁ አድርጉበት።

አዲሱን ትንሽ ነፍታችሁ አስገቡ፣ እንዳይጠማዘዝ። ጠርዙን በእጅ መልሱ፣ የመጨረሻውን ከቫልቩ በኩል። ከመንፋታችሁ በፊት የውስጥ ጎማው በጠርዙና በቸርኬው መሀል እንዳልተቆነጠጠ ዙሪያውን እዩ።

ልጥፍ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ሻክር አድርጉት፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡና የሚያብለጨልጨው እስኪጠፋ ጠብቁ። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ልጥፍ አይቆይም።

8. መቼ ትመለሳላችሁ

ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት ከደረሰ ዙሩ፤ አናቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢቀረውም። ከዚያ ሰዓት በፊትም ቢሆን የሚያስቆሙ ነገሮች አሉ። በሙቀት መሀል ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ማዞር፣ ላብ መቆም፣ ሐሳብ መደናገር። እነዚህ ሲመጡ ጥላ ፈልጉ፣ ጭንቅላትና አንገታችሁን አርጥቡ፣ ለሰው ደውሉ። ደረት ላይ ሕመም ወይም ጫና ከተሰማችሁ ጉዞው አበቃ፤ እርዳታ ጥሩ።

ውሻ ካሳደዳችሁ ፍጥነት መጨመር ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል። ቁልቁለት ካልሆነ ውረዱና ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መሀል አድርጋችሁ፣ ሳትሮጡ፣ ድምፃችሁን ዝቅና ጠንከር አድርጋችሁ እለፉ።

9. ቤት ስትገቡ

መጀመሪያ ለጠባቂያችሁ «ገብቻለሁ» ብላችሁ ላኩ። ከመታጠብ በፊት፣ ከመብላትም በፊት። ከዚያ ብሉ። ከዚያ ካቴናውን ጥረጉ፣ ጎማው ላይ የተሰካ ነገር ካለ ንቀሉ፤ ዛሬ ግማሽ የገባ እሾህ በሚቀጥለው ጉዞ ሙሉ ይገባል።

እኔ መጨረሻ ላይ ያቺን ወረቀት ከብረቱ ላይ እልጣታለሁ። በላብና በአቧራ ተበላሽታ ትቆየኛለች፤ ግን ትነበባለች። ካሰብኩት ደቂቃ አጠገብ የፈጀብኝን እጽፋለሁ። ሦስተኛው ዳገት ላይ 35 ገምቼ 50 ከፈጀብኝ፣ የሚቀጥለው መንገድ የሚሰላው በ50 ነው።